ሰላምታ የተከለከለበት ክፍል

ጦይባ ሰይድ በጦሳ የነርቭ ማዕከል በአነጋጋሪነት የተቀጠረች ዕለት፣ ያስተማሯት ሴትዮ ቀኑን ሙሉ በአንድ ነገር ላይ ነበር ያሳለፉት። «ቀዶ ጥገና ክፍሉ ውስጥ ሕመምተኛውን እንዴት ነህ ብለሽ እንዳትጠይቂው» አሏት። «ሌላውን የፈለግሽውን ጠይቂ። የበሬውን ቀለም ጠይቂ፤ ሚስቱን ያገባበትን ዓመት ጠይቂ። ሰላምታ ግን ክልክል ነው። የእኛ ሰው ነፍሱ እየወጣች እንኳ እንዴት ነህ ሲሉት ደህና ነኝ ይላል።»

ይህ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ነው። ያኔ አነጋጋሪዎች አሥራ አንድ ነበሩ። እያንዳንዳቸው በሰማያዊው መጋረጃ ስር ዝቅ ባለች ወንበር ተቀምጠው፣ የራስ ቅሉ ተከፍቶ ነቅቶ ከተጋደመ ሰው ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ ሲያወሩ ይውሉ ነበር። አሁን የቀረችው ጦይባ ብቻ ናት። ከአምስት ዓመት ወዲህ የሚያነጋግረው ጠያቂው ነው። ጠያቂው ከጣሪያው የሚወርድ ለስላሳ ድምፅ ነው፤ ሥዕል እያሳየ ይጠይቃል፣ መልሱን ይመዝናል፣ አይደክመውም፣ ልጅ ታሞብኝ ነው ብሎ አይቀርም። ሕጉ ግን «በመጋረጃው ስር ሕያው ሰው ይኑር» ስለሚል አንዲት ወንበር ሳትነሳ ቀረች። የማዕከሉ ወጣቶች ጦይባን «ሕጉ» ብለው ይጠሯታል። «ሕጉ ዛሬ ገብቷል?» ይባባላሉ። እሷም አብራ ትስቃለች።

ሥራው እንዲህ ነው። ሕመምተኛው ገና ሲነጋ የመብራቱን ሽሮፕ ይጠጣል። አራት ሰዓት ላይ የክፍሉ መብራት ጠፍቶ ሰማያዊው ሲበራ፣ ዕጢው በአንጎሉ ውስጥ እንደ ፍም ቀልቶ ይታያል። ሐኪሙ ብዕሩን ይይዛል። ብዕሩ የነካውን ቦታ ቀምሶ «ዕጢ» ወይም «ጤና» ይላል። ዕጢ ከሆነ ቦታውን ለሃያ ትንፋሽ ያህል ያደነዝዘዋል። በዚያች ሃያ ትንፋሽ ውስጥ ሕመምተኛው ንግግሩ ካልተሰናከለ የጠያቂው ፍርድ የሚበራበት ሰሌዳ አረንጓዴ ይሆናል፤ ብዕሩም ቦታውን ያቃጥለዋል። ንግግሩ ከተሰናከለ ሰሌዳው ይቀላል፤ ብዕሩ ይተወዋል፤ የደነዘዘውም ይመለሳል። በጦይባ እግር ስር ደግሞ አንዲት ፔዳል አለች። ሰሌዳው ምንም ቢል እሷ ከተረገጠች ብዕሩ ይቆማል። ጠያቂው ከመጣ ወዲህ አንድ ሰው ብቻ ረግጧታል፤ እሱም አሁን መዝገብ ቤት ነው የሚሠራው።

ጠያቂው ሰላምታ ይወዳል። የሠሩት ሰዎች የአገሩን ሰው ንግግር እያሰሙ ነው ያስተማሩት፤ የአገሩ ሰው ንግግር ደግሞ ግማሹ ሰላምታ ነው። ስለዚህ በየሥዕሉ መሐል «እንዴት ነዎት? አልደከመዎትም?» እያለ ይጠይቃል። ሕመምተኛውም ይረጋጋል፤ መልሱም እንደ መልስ ይመዘናል።

ከሦስት ዓመት በፊት ስንዱ የምትባል የሒሳብ መምህርት እዚያ አልጋ ላይ ተጋድማ ነበር። ሰሌዳው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አረንጓዴ ነበር። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ወጣ። ሊጠይቃት የመጣው ሰው ሁሉ «እንዴት ነሽ?» ይላታል፤ እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ፣ እናንተስ?» ትላለች። ፈገግታዋም ያው የድሮው ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የተጠራጠረ ሰው የለም። በዘጠነኛው ቀን እናቷ ጨዉን የት እንዳስቀመጠችው ጠየቋት። ስንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ከሰላምታ ሌላ ቃል አልነበራትም።

ጦይባ ለማዕከሉ ደብዳቤ ጻፈች። ሰሌዳው አረንጓዴ እንደነበረ፣ ጉዳቱ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የደረሰ ሊሆን እንደሚችል በትሕትና መለሱላት። ስንዱ ቀዶ ጥገና በተደረገላት ዕለት ጦይባ ወንበሯ ላይ ነበረች። የስንዱን አፍ ትታ ሰሌዳውን ነበር ስታይ የዋለችው። ጥፋቱ የእሷም እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷ ግን በየቀኑ ትናገረዋለች።

አባ ይማም እንድሪስ የመጡት በመስከረም መጨረሻ ነው። የሰባ ሦስት ዓመት ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚስቅ። የተሁለደሬ አበጋር ናቸው። አበጋር ማለት በወሎ ደም የተቃቡ ቤቶችን መሐል ገብቶ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው፤ ከአፉ ሌላ መሣሪያ የለውም። ዕጢያቸው የተቀመጠው ደግሞ አፍ በሚታዘዝበት ቦታ ላይ ነው።

ጦይባ ከቀዶ ጥገናው በፊት ባለው ቀን ከሕመምተኛው ጋር ተቀምጣ ቃል መልቀም ትወዳለች። ድሮ የሥራው ግማሽ ይህ ነበር፤ አሁን የሚያዛት የለም።

«ጭንቅላትህ ውስጥ ጠላት ገብቷል ይሉኛል» አሏት አባ ይማም አልጋቸው ላይ ተደግፈው። «እኔ ዕድሜዬን ከጠላት ጋር ስቀመጥ ነው የኖርሁት። ማስፈራሪያ አጡ?»

«ነገ መሐል ላይ የምጠይቅዎት ነገር ፈልጌ ነው አባ» አለቻቸው። «ሌላ ሰው የማያውቀው፣ እርስዎ ግን የማይስቱት።»

አሰቡ። ከዚያ የሙሄንና የአሊጋዝን ቤት ነገር ነገሯት። በአገራቸው ደመና እንደ መስኖ ውሃ በየሳምንቱ ለአንድ ቤት ማሳ በተራ ይታደላል፤ አምና በጥር ሁለቱ ቤቶች በዚህ የደመና ተራ ተጣሉ። የሙሄ ቤት ተራ በነበረበት ሳምንት ደመናው የአሊጋዝ ማሳ ላይ ዘነበ። የአሊጋዝ ቤት ስህተት ነው አለ፤ የሙሄ ቤት አይደለም አለ፤ ዱላ ተነሣ፤ የሙሄ ልጅ ሁሴን ሞተ። የገደለው ያሲን አሊጋዝ ሮጦ አባ ይማም ቤት ገባ። አበጋር ቤት የገባ ሰው አይነካም። ያሲን ይኸው ስምንት ወሩ፣ ከአጥሩ አልወጣም። ዕርቁ ለኅዳር፣ አዝመራ ሲገባ ተቀጥሯል።

«ዕርቅ የሚጀመረው በሙታን ነው» አሏት። «የሁለቱንም ቤት ሙታን ከጥንቱ እስከ ትናንቱ በስማቸው እጠራቸዋለሁ። አርባ አንድ ናቸው። ወረቀት የለም። አንዱን ከዘለልሁ ቤቱ ተናቅሁ ብሎ ይነሣል፤ ዕርቁም ፈረሰ።»

«በመሣሪያ ቢቀረጽስ?»

«ሞክረው ነበር፣ በሌላ ቀበሌ። አጫወቱት፤ ሰው ሁሉ ሰማ፤ ማንም አላለቀሰም። በማግስቱ ተገዳደሉ።» እጃቸውን ዘረጉ። «እኔ ብቀር የሚተካኝ ልጅ ገና ሃያ ስሙን ነው የያዘ። ያሲንን ደግሞ አጥሬ አይደለም የጠበቀው፤ ቃሌ ነው።»

ጦይባ ከአርባ አንዱ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ስሞች ተማረች። የሙሄ አባት ይመር፣ የይመር አባት አህመዴ፣ የአህመዴ አባት ሽፋው፣ እያለች እስክትይዘው ደጋገሙላት። ስትሳሳት እንደ ቁርዓን አስተማሪ ጣታቸውን እያነሡ ይመልሷታል።

ስትወጣ ልጃቸው ዘሐራ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት። ዘሐራ የአርባ ዓመት ሴት ናት፤ እናቷ ከሞቱ ወዲህ አባቷን የምትጦረው እሷ ናት።

«እትዬ፣ የምትረገጥ ነገር አለች ይሉኛል» አለች።

«አለች።»

«እንዳይረግጧት።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ሁሉም ይውጣለት። ድዳም ሆኖ ይቀመጥልኝ። አገሩ በሙሉ የሚፈልገው አፉን ነው፤ እኔ የምፈልገው አባቴን ነው። ይኼ ኃጢአት ነው?»

ጦይባ ኃጢአት አይደለም አለቻት።  ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ሰባቱን ስሞች እየደጋገመች ሄደች።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ሰማያዊው መብራት በራ። ሐኪሙ ዶክተር ኢዮስያስ ነበር። ጥሩ እጅ ያለው የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ነው፤ ሥራውን የተማረው ከጠያቂው ጋር ነው፤ ያለ ሰሌዳ የሠራበት ቀን የለም። ጦይባ ወንበሯ ላይ ሆና ከአባ ይማም ፊት በአንድ ክንድ ርቀት ተቀመጠች። ከመጋረጃው ወዲያ ብዕሩ «ዕጢ... ዕጢ... ጤና» ይላል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ጠያቂው።

«ማጭድ።»

«ይህስ?»

«ፍየል ናት። የቆላ ፍየል ናት፤ ጆሮዋን እየው።»

«እናመሰግናለን። ይህስ?»

«እሱ ደግሞ ወንበር። ጌታው፣ ከባዱን አምጣው እንጂ።»

ሦስት ሰዓት እንዲህ ሄደ። ሰሌዳው ሁለት ጊዜ ቀልቶ ብዕሩ ሁለት ቦታ ተወ፤ ቀሪው ወጣ። ዶክተር ኢዮስያስ «የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ናት የቀረችው» አለ። ብዕሩ ቀመሳት። «ዕጢ።» አደነዘዛት።

«አባ ይማም፣ እንዴት ነዎት?» አለ ጠያቂው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። እናንተስ ደህና ናችሁ? ልጆቹ? ቤቱ? ከብቱ ደህና ነው? አላህ ያክብራችሁ።»

ድምፃቸው እንደ ወትሮው ሞላ ያለ ነበር። ሰሌዳው አረንጓዴ ሆነ። ጠያቂው የውሃ እንስራ ሥዕል አሳየ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እሱም ደህና ነው። ሁሉም ደህና ነው፣ አላህ ይስጣችሁ።»

ሰሌዳው አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። ጦይባ ግን ሰሌዳውን አላየችም። የአባ ይማም ዓይን ወደ እሷ ዞሮ ነበር፤ በጨለማ ቤት የበሩን መዝጊያ እንደሚፈልግ ሰው እጅ ፊቷ ላይ ይዳብስ ነበር።

«አባ» አለች ዝቅ ብላ። «ሙሄን ማን ወለደው?»

«ደህና ነው ልጄ። እሱም ደህና ነው።»

ስምንት ወይም ዘጠኝ ትንፋሽ ቀርቶ ነበር። የዘሐራ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ነበር፤ የጨዉም ነገር ትዝ አላት። ረገጠች።

ብዕሩ ቆመ።  «እትዬ ጦይባ» አለ ዶክተሩ ከመጋረጃው ወዲያ፣ «አረንጓዴ ነው እኮ።»

«ሰላምታ ብቻ ነው የቀራቸው ዶክተር። ይጠብቁ።»

ጠበቁ። አባ ይማም ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ «ደህና» አሉ፤ ቀጥሎ «ይ» አሉ፤ ከዚያ «ይመር» አሉ። «ሙሄን የወለደው ይመር። ይመርን የወለደው አህመዴ።» እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወረደ። «ልጄ፣ የት ሄጄ ነው የመጣሁት? ስሞቹ በሙሉ ፊቴ ቆመዋል፣ አያቸዋለሁ። አፌን ስከፍት ግን ደህና ነው፣ ደህና ነው እላለሁ። የሞተውን ሰው ደህና ነው እላለሁ።»

ዶክተር ኢዮስያስ ከዚያ በፊት አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። ብዕሩን አስቀምጦ ጎንበስ ብሎ በመጋረጃው ስር ገባ። የሚቀድደውን ሰው ፊት በሥራ መሐል ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

«አባ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ። «የቀረችው ትንሽ ናት። ከወጣች አሥር ዓመትም ከዚያም በላይ ይኖራሉ፤ ግን አሁን የሄዱበት ቦታ ሄደው ይቀራሉ። ካልወጣች ንግግርዎ አለ፤ እሷ ግን ታድጋለች። ከሁለት ዓመት አያልፍም። መመሪያው ሰሌዳውን ተከተል ነው የሚለኝ። እኔ ግን እርስዎን ልጠይቅ።»

«ሳታድግ ስንት ጊዜ ትታገሰኛለች?»

«አራት ወር። ቢበዛ አምስት።»

አባ ይማም ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ዕርቁ ኅዳር ነው» አሉ። «ለጠላት ቀጠሮ መስጠት ሥራዬ ነው። ቀጠሮ ስጧት። በኅዳር የሰውን ዕዳዬን እጨርሳለሁ፤ በታኅሣሥ እመጣለሁ፣ ትወስዷታላችሁ። ከዚያ ያለውን ዕድሜ ለዘሐራ ሰጥቻታለሁ። ስለ እናቷ ስንቱን ዓመት ያላወራኋትን፣ አሁን ሁለት ወር አለኝ፣ አወራታለሁ።»

ራስ ቅላቸው ተዘጋ። ዶክተር ኢዮስያስ በሪፖርቱ ላይ «ፔዳሉን ያስረገጥሁት እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈ። ፔዳሏ በማን እግር ስር እንዳለች ግን ጥበቃዎቹም ያውቃሉ። በሳምንቱ ለጦይባ ደብዳቤ ደረሳት፤ ከጥር አንድ ጀምሮ መዝገብ ቤት ትሠራለች። ሕጉ ተሻሽሏል፤ በመጋረጃው ስር ሕያው ሰው አያስፈልግም። ወጣቶቹ በዚያ ሰሞን «ሕጉ» ብለው አልጠሯትም።

በኅዳር ተሁለደሬ ወረደች። የዚያን ዕለት ሁለቱም ቤቶች ተራቸውን ትተው ነበርና ሰማዩ ላይ አንድም ደመና አልነበረም። የሙሄ ወገን በአንድ በኩል፣ የአሊጋዝ ወገን በሌላው፣ ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀምጠዋል። አባ ይማም ከዘራቸውን ተደግፈው መሐል ቆሙ። አንድ ስም ይጠራሉ፤ ዝም ይላሉ፤ ስሙ የተጠራበት ወገን «አላህ ይማረው» ይላል፤ ይቀጥላሉ። ጦይባ በጣቷ እየቆጠረች ትከተላለች። ሠላሳ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አፋቸው ተከፈተ፤ አልመጣም። የጦይባ እግር ሳታዘው መሬቱን ረገጠ። ከሴቶቹ መሐል ዘሐራ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባ ይማም አንድ ጊዜ ተነፈሱ፤ «ዘምዘም አረቡ» አሉ፤ በወሊድ የሞተች የአሊጋዝ ቤት ሙሽራ ነበረች፤ ከወገኖቿ እንኳ ብዙዎቹ ረስተዋታል። አንዲት አሮጊት ጮኻ አለቀሰች።

አርባ አንደኛው ሁሴን ሙሄ ነበር። ስሙን ሲጠሩት ሁለቱም ወገን በአንድ ድምፅ «አላህ ይማረው» አለ። ያን ጊዜ ያሲን አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ከአጥሩ ወጣ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ፀሐይ ያልነካው ፊቱ ገርጥቶ ነበር። ሙሄ ተነሡ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አንሥተው መሬት አስቀመጡት።

ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ቀን አባ ይማም በቀጠሯቸው ተገኙ። ጦይባ ለመጨረሻ ጊዜ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሰማያዊው መብራት ሳይበራ «ከዚህ በኋላ የሚቀርልኝ ሰላምታው ብቻ ነው አይደል?» አሏት።

«አዎ አባ።»

«እንግዲያ መጥተሽ ጠይቂኝ። ሰው ቢመጣ የምሰጠው አለኝ ማለት ነው። ባዶ ቤት አይደለሁም።»

ብዕሩ ቀመሰ። «ዕጢ።» ከማደንዘዙ በፊት አባ ይማም «ዘሐራ» አሉ፤ የጠየቃቸው አልነበረም። ከዚያ ጠያቂው እንዴት ነዎት አላቸው፤ አልሐምዱሊላህ አሉት። ሰሌዳው አረንጓዴ ሆነ። ጦይባ እግሯን ከፔዳሏ ላይ አንሥታ ከወንበሩ ስር አስገባች። ሃያውን ትንፋሽ ቆጠረች፤ እያለቀሰች ነበር የቆጠረችው።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ደረሰች። ዘሐራ በሩን ከፍታ ሳመቻት፤ ረጅም ጊዜ አቅፋት ቆየች። አባ ይማም ከወይራው ስር ተቀምጠዋል። ደልቷቸዋል፤ ፊታቸው ሞልቷል። ያሲን ከአጥሩ ወዲያ ለሙሄ ቤት እንጨት ያወርዳል። ጦይባ በርጩማ ተሰጥቷት ፊት ለፊታቸው፣ በአንድ ክንድ ርቀት ተቀመጠች።

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ፊት ለፊት ተቀምጣ ይህን ጥያቄ ለማንም አቅርባ አታውቅም።

«እንዴት አደሩ አባ?» አለች።

ፊታቸው በራ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና አድሬያለሁ። አንቺስ? ልጆችሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው አባ።»

«ቤቱስ?»

«ቤቱም ደህና ነው።»

«ከብቱ ደህና ነው?»

ጦይባ የምትኖረው ደሴ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። «ከብቱም ደህና ነው አባ» አለች።

«አላህ ያክብርሽ» አሏት። ከዚያ እንዴት አደርሽ ብለው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ዘሐራም በርጩማዋን አምጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጦይባ አልቸኮለችም፤ እያንዳንዱን በተራው መለሰች።